የድንጋዩ ልጅ

ስድስተኛውን የወሰን ድንጋይ በአኻያ በትር ገርፈው፣ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠርተው፣ ከየምድጃቸው ያመጡትን ከሰል ሥሩ ቀብረው ወደ ሰባተኛው ሲወጡ ላቭዴይ አንግዊን ከሰልፉ መጨረሻ ላይ ነበረች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ወንዝ ተሻግራ፣ አሥራ አራት የድንጋይ አጥር ዘልላ እዚህ ደርሳለች፤ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው፤ ቢጫ አበባ የሚያወጣ እሾህ ላይ ሁለት ጊዜ ወድቃ መዳፏ ተቧጭሯል። ቢሆንም ተመለሺ የሚላትን ሁሉ ዛሬ በዓይኗ ስትገላምጠው ውላለች።

«አክስት ላቭዴይ፣ ልዘልሽ እንዴ?» አላት አጎት ሃኒባል ከፊቷ ሆኖ። የስልሳ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከወንዝ አሸዋ የቆርቆሮ ማዕድን ሲያጥብ ኖሮ ወገቡ ጎብጧል፤ ዛሬ የጀርባው ጭነት የፖም ጠጅ በርሜል ነው።

«አንተ በርሜሉን እዘል። እኔን ብትጥለኝ ማንም አያዝንም፤ እሱን ብትጥል ግን አጥቢያው ተሰብስቦ ይሰቅልሃል።»

ሃኒባል ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ወትሮው አልረዘመም። የዛሬው ዙር እንደ ድሮው የመዝሙርና የመጠጥ ዙር አልነበረም። ከፊት ቄስ ኪቶ ነጩን ልብሳቸውን ነፋስ እየገለበባቸው መጽሐፋቸውን በደረታቸው አቅፈው ይሄዳሉ። ከሳቸው ቀጥሎ የአጥቢያው ሹም ጆሪ አንግዊን ነው፤ የላቭዴይ ወንድም የልጅ ልጅ፣ እናቱ ስትሞትበት እሷው ጠብ እርግፍ ብላ ያሳደገችው። ከጆሪ ኋላ ገበሬው፣ ቆርቆሮ አጣቢው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ ሚስቶቻቸው ተከትለዋል። ከሰልፉ ጎን ደግሞ ሁለት ፈረሰኞች አሉ። አንዱ ዳኛው ካፒቴን ካርዲው ናቸው፤ አንድ እግራቸውን በባሕር ጦርነት ጥለው በእንጨት የተኩ፣ አጭር ድንክ ፈረስ ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ። ሌላው ሚስተር ፐርቸል ይባላል፤ ከወንዙ ማዶ ከሩቅ አገር የመጣ፣ የጎረቤቱ የትሬካርን ጌታ ወኪል ነው። ፈረሱ ረጅም፣ ሰው ሠራሽ ጸጉሩ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ ጓንቱ ነጭ።

ላንቬዲ ሀብታም አጥቢያ አይደለችም። መሬቷን ብትቆፍር ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩን ብታነሳ ከሥሩ ሌላ ድንጋይ ይጠብቅሃል። ነፋሱ ዛፍ አያበቅልም፤ የበቀለውንም ወደ ምሥራቅ አጉብጦ ነው የሚያኖረው። ነገር ግን ከሸንተረሩ ላይ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ማየት ነው። የደወል ግንቡን የሠሩት አያቶቻቸው ናቸው፤ ወንዱ ጥቁሩን ድንጋይ በሸርተቴ እየጎተተ፣ ሴቱ ከባሕር ዳር አሸዋ በቅርጫት እየተሸከመ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። አንድም ጌታ አንድ ሳንቲም አላዋጣበትም። ዛሬ በዚያ ባሕር የሚያልፍ መርከበኛ ሁሉ መንገዱን የሚያውቀው ያን ግንብ አይቶ ነው፤ የላንቬዲ ሰው ይህን ሲናገር አገጩ ሳያውቀው ከፍ ይላል።

ከሸንተረሩ ትይዩ ያለው ጋራ ደግሞ የሁሉም ነው። የሚነደውን ረግረግ አፈር እየቆረጡ አድርቀው ክረምቱን የሚሞቁት ከዚያ ነው፤ ላሞቻቸው የሚግጡት እዚያ ነው፤ የቅድስት ቬዲ ምንጭ፣ የአጥቢያዋ ሕፃናት ሁሉ የሚጠመቁባት ውሃ፣ የምትፈልቀው እዚያው ነው። አሁን ትሬካርን ሊወስደው ነው። ለማጠሪያው የሚሆን ድንጋይ ከነገ ወዲያ ለሚመጡት ግንበኞች ተከምሮ ተቀምጧል። ያ አጥር ቆመ ማለት ላንቬዲ በሚቀጥለው ክረምት የምታነደው ነገር የላትም ማለት ነው።

ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው ደግሞ በሰባተኛው ድንጋይ ላይ ነው።

እያንዳንዱ የወሰን ድንጋይ አንድ ልጅ አለው። ይህ የላንቬዲ ልማድ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ተመርጦ፣ ሁለት ሰው እግሩን ይዞ ይዘቀዝቀዋል፤ አናቱን ሦስት ጊዜ ከድንጋዩ ጋር ያጋጩታል፤ ስሙን ሦስት ጊዜ ይጮኹለታል፤ የሳፍሮን ዳቦ ይሰጡታል። ያመመው ልጅ ቦታውን አይረሳም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የድንጋዩ ልጅ እሱ ነው፤ ስለዚያ ድንጋይ ቃሉ ከአጥቢያው ሁሉ ቃል ይበልጣል፤ ዳኛም ይቀበለዋል። ሌላ ልጅ የሚመታው እሱ ሲሞት ብቻ ነው።

የሰባተኛው ድንጋይ ልጅ ዲጎሪ አንግዊን ነበር፣ የላቭዴይ መንታ ወንድም። በገና ግብዣ ላይ ከእሳቱ አጠገብ ያለው አግዳሚ የሱ ነበር። ጎረምሶች አናቱን ዳብሰው ለዕድል ይሳሙት ነበር። ባለፈው መከር ሚስተር ፐርቸል አንድ ጠርሙስ ብራንዲ ይዞ መጣና ዲጎሪን ጋራው ላይ አወጣው፤ አንድ ድንጋይ አሳየው፤ «ይህ ነው?» አለው። ዲጎሪም «አዎ፣ ይህ ነው» ብሎ ወረቀት ላይ ምልክቱን አኖረ። በየካቲት ደግሞ ሞተ።

ላቭዴይ ግን እውነቱን ታውቃለች። ዲጎሪ የሰባተኛውን ድንጋይ ቦታ አያውቀውም። አይቶትም አያውቅም፤ ዙር በመጣ ቁጥር ሰበብ ፈልጎ ይቀር ነበር።

ሰልፉ ቆመ። ከረግረጉ በታች፣ ለቤተ ክርስቲያኑ በጣም ቀርቦ፣ ጉልበት የሚደርስ መስቀል የተቀረጸበት ድንጋይ ተተክሏል። ሰዉ በትሩን ወደ ታች አዘቀዘቀ። በላይ በኩል ረግረጉ፣ ከረግረጉ አልፎ ምንጯ፣ ከምንጯ አልፎ ደግሞ «የግዙፉ ገበታ» ይታያል፤ ሦስት የቆሙ አለቶች አናታቸው ላይ አንድ ሰፊ ጠፍጣፋ አለት የተሸከሙበት፣ ማን እንዳቆመው የማይታወቅ። ሁሉም ከድንጋዩ በስተወዲያ ነው። የትሬካርን ነው ማለት ነው።

«እንግዲህ» አለ ፐርቸል ወረቀቱን ዘርግቶ፤ «ሰባተኛው ድንጋይ ይኸው። የድንጋዩ ልጅ በሕይወቱ ሳለ የመሰከረበት ይኸው። ካፒቴን ይፍረዱና ወደ ቤታችን እንግባ።»

«ድንጋዩ ከገበታው ወዲያ ነበረ!» ብሎ ጮኸ ሃኒባል። «በጎረምሳነቴ አንድ ጊዜ ዞሬአለሁ!»

«ስንት እርምጃ ወዲያ?» አሉት ካፒቴን።

ሃኒባል በጣቱ ወደ ጋራው እያመለከተ ቆጠረ። «...መቶ ይሆናል። ወይም ሁለት መቶ። ጠጥቼ ነበር፣ ካፒቴን።»

«እውነቱን በመናገርህ አመሰግንሃለሁ። ግን በዚህ ብቻ ልፈርድላችሁ አልችልም።» ካፒቴን ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ጋራው ሰፊ ነው፤ ድንጋዩም እንደ ጠጠር ነው። አርባ ዓመት ወሰናችሁን ሳትዞሩ ከርማችሁ ዛሬ ብትጮኹ ምን ላድርግ? ትናንት ይህን ድንጋይ ሥሩን አስቆፍሬዋለሁ፤ ከሰል ወጥቶለታል።»

«አንድ እፍኝ ከሰል!» አለች አንዲት ሴት። «እሱንማ ማንም በኪሱ ያመጣዋል!»

«ሕጉ የታወቀ ነው። የድንጋዩ ልጅ ተናግሯል። የሚቃወመው ሌላ የድንጋዩ ልጅ አለ? የለም» አሉ ካፒቴን።

ጆሪ አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ ወደሱ እንደሚያይ ላቭዴይ አየች። አያቱን የሚወድ ልጅ ነው፤ የያዘው በትር የዲጎሪ ነው፤ የሹመቱ ግማሽም ከዲጎሪ ስም የመጣ ነው። አሁን ያ ስም አጥቢያውን ሊሸጥ መሆኑን እያወቀ፣ አያቴ ዋሸ ማለት አቃተው። ልቧ በጣም አዘነለት። ቀጥሎም ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወደ ፊት ሄደች።

«አለ» አለች።

«ምኑ ነው ያለው?» አሉ ካፒቴን።

«የድንጋዩ ልጅ። ያን ቀን ተዘቅዝቆ የተመታው ዲጎሪ አይደለም። እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ብዙ ሰው ሳቀ። ጆሪ ግን አልሳቀም። ክንዷን ይዞ ወደ ጎን ሳባትና በጆሮዋ አንሾካሸከ። «አክስቴ፣ ምን ሆነሻል? አጥንቱ እንኳ ሳይደርቅ አያቴን በሰው ፊት ታዋርጂዋለሽ?»

«ልቀቀኝ ጆሪ። አያትህ ፈሪ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ፈራ። ያቺን አንድ ቀን ሲደብቅ ግን ዕድሜውን ጨረሰ፤ እኔም አብሬው ደበቅሁ። ባለፈው መከር ያን ወረቀት ሲፈርም ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከሱ ይልቅ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ክንዷን አስለቅቃ ወደ ካፒቴን ፈረስ ተጠጋች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ሁሉም እንዲሰማ ተናገረች።

ንጉሥ ቻርልስ ከስደት በተመለሰ በሦስተኛው ዓመት ነበር። የወሰን ዙር ለብዙ ዓመት ታግዶ ቆይቶ ያን ዕለት ዳግም ሊጀመር ነው፤ ለሰባተኛው ድንጋይ የተመረጠው የአንግዊን ልጅ ዲጎሪ ነው። ጠዋት ግን ዲጎሪ የለም። ላቭዴይ ጭድ ውስጥ ተደብቆ አገኘችው፤ ጥርሱ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቅላቴን ይፈጠፍጡታል ብሎ ያለቅሳል። እሷም ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ መልካቸው አንድ ነው። ሱሪውን አስወልቃ ለበሰች፣ ቆቡን እስከ ቅንድቧ ደፋች፣ ወጣች። ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ቀኝ እግሯን የያዘው ጎረቤት ነው፤ ግራውን የያዘው አባቷ ነው። በግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የማጭድ ጠባሳ አለባት፤ ዲጎሪ ግን የለበትም። አባቷ የሱሪውን ጫፍ ሲሰበስብ ጠባሳውን አየ። እጁ ጠበቅ አለባት። አልለቀቃትም፣ አንድ ቃልም አልተናገረም፤ እስኪሞትም አልተናገረም። ሰዉ «ዲጎሪ አንግዊን!» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጮህ አባቷ ብቻ አፉን አልከፈተም።

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ሃኒባል በርሜሉን መሬት አስቀምጦ ቆቡን አወለቀ።

«ተረት!» አለ ፐርቸል። «ሱሪ ለብሳ ቤተ ክርስቲያንን ያታለለች አሮጊት ቃል ምስክር ሊባል ነው? ለመሆኑ በልጅነቷ ተዘቅዝቃ ያየችውን ማን ያምናታል?»

«ያየሁትንማ ልንገርህ» አለች ላቭዴይ። ከዚህ በፊት «እርስዎ» ነበር የምትለው። «ካፒቴን፣ ዛሬ ሄጄ ሳላየው ልናገረውና እርስዎ ይያዙልኝ። አናቴ ድንጋዩን ሲነካ ዓይኔ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የግዙፉ ገበታ ከፊቴ ነው። ከጠፍጣፋው አለት ሥር፣ በሁለቱ እግሮች መካከል ባለችው ክፍት የደወል ግንባችንን አየሁት። ተዘቅዝቆ። ጫፉ አለቱን ነክቶ፣ መሠረቱ መሬቱን ነክቶ፣ ልክ ለሱ ተብሎ እንደተሠራ መስኮት። ቀረብ ቢሉ ግንቡ ዙሪያውን ሰማይ ይተርፈዋል፤ ራቅ ቢሉ ጫፉ ይቆረጣል። የሚሞላበት ቦታ አንድ ብቻ ነው።»

«ከገበታው ወዲያ ሺ ጊዜ ቆሜ አውቃለሁ» አለ አንድ አፈር ቆራጭ፤ «በዚያች ክፍት ግንብ አይቼ አላውቅም። ታች ያለው ማሳ ነው የሚታየው።»

«ቆመህ ነዋ!» አለችው። «ሁላችሁም ቆማችሁ ነው የምታዩት። አለቱ ይከልላችኋል። ከጉልበት በታች ወርዶ ላየ ነው የሚታየው፤ እዚያ ወርዶ ያየው ደግሞ የተዘቀዘቀው ብቻ ነው።»

ካፒቴን ጢማቸውን ዳበሱ። ዓይናቸው ላይ አንድ ነገር ብልጭ አለ። «አንቺ ሴትዮ፣ ቦታውን ታሳያለሽ?»

«አሳያለሁ።»

«አንድ ጉድጓድ ብቻ» አለ ፐርቸል ፈጠን ብሎ። «የጌታዬን መሬት እንደ ፍልፈል እንዲያርሱት አልፈቅድም። እሷ ባመለከተችበት አንድ ጉድጓድ፤ ከሰል ከሌለ ነገሩ አለቀ።»

ካፒቴን ላቭዴይን አዩዋት። «ተስማምተሻል? ከሳትሽ ሌላ ዕድል የለም። ጋራው ይሄዳል።»

«ተስማምቻለሁ» አለች፤ ቀሚሷንም ሰብስባ ወደ ረግረጉ ቀደመች።

ረግረጉን በድልድይ ጣውላ ተሻገሩ። ምንጯ ጋ ሲደርሱ ላቭዴይ ጎንበስ ብላ ፊቷን ታጠበች፤ ከሷ በፊት ስንት ሰው እዚህ ተጠምቆ፣ ኖሮ እንዳለፈ አሰበች፤ አንዱም ቢሆን ይህን ውሃ የትሬካርን ነው ብሎ አልጠጣውም። የግዙፉን ገበታ አልፈው ወጡ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ጥቁር ቁጥቋጦ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ። ለስልሳ ሁለት ዓመት በሕልሟ ያየችው ቦታ የቱ እንደሆነ ልትለየው አልቻለችም።

ሰዉ ሁሉ ያያታል። ሠላሳ እርምጃ ያህል ወጥታ በጀርባዋ ተንጋለለች፤ አናቷን ወደ ገበታው አድርጋ አገጯን ወደ ሰማይ አቃናች። ክፍቷ ታየቻት። ባዶ ናት፤ ሰማይ ብቻ። «ሕፃን ነበርኩ፣ ተሳስቼስ ቢሆን?» ብላ ስታስብ ከላይዋ የፐርቸልን ሳቅ ሰማች።

ተነስታ ወደ ግራ አሥር እርምጃ ሄደች። እንደገና ተንጋለለች። ከአለቱ እግር ጥግ ቀጭን ጥቁር ነገር ብቅ አለ። የግንቡ አንድ ጎን! ጮክ ብላ ልትናገር ፈለገችና ዋጠችው። እንደ ሸርጣን በጀርባዋ እየተንፏቀቀች፣ ቀሚሷ እየተቀደደ፣ ሻሿ ወድቆ ሽበቷ ቁጥቋጦ እየለቀመ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ግራ። ግንቡ ወደ መሃል መጣ። ግን ቁጥቋጦው መሠረቱን ይጋርደዋል።

«ዝቅ ብያለሁ» አለች እየተነፈሰች። «ያን ጊዜ በድንጋዩ ቁመት ልክ ነበርኩ። ጆሪ! ገመድ አምጣና ቀሚሴን ቁርጭምጭሚቴ ላይ እሰርልኝ። ሃኒባል፣ አንተ ቀኜን ያዝ።»

«አብደሻል እንዴ?» አለ ሃኒባል። «አጥንትሽ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ቢልስ?»

«ለበርሜሉ ያለህን ጥንቃቄ ለኔም አድርግልኝ። ያዝ አልኩህ!»

ጆሪ ገመዱን ይዞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ተንበርክኮ ቀሚሷን ሲያስር ረጅም የእግር ሹራቧ ወርዶ ነበርና ያን ጠባሳ አየው፤ ነጭ፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ። ላቭዴይ ፊቱን አላየችውም፤ እጁን ግን አወቀችው። ግራ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠበቅ አለ፤ ልክ በዚያን ቀን እንደጠበቀው። አባቷ ዳግም የያዛት መሰላት፤ ዓይኗ ዕንባ ሞላ፤ አናቷን ወደ ኋላ ጥላ ስለነበረ ዕንባው ወደ ግንባሯ ፈሰሰ።

«አነሳንሽ» አለ ጆሪ።

ዓለም ተገለበጠ። ቁጥቋጦው ጣሪያ ሆነ፣ ሰማዩ ከእግሯ በታች ተዘረጋ። «ወደኋላ ግማሽ እርምጃ። ትንሽ ዝቅ... በቃ። ቁሙ!» ከጥቁሩ አለት ሥር፣ በዚያች ክፍት ውስጥ፣ ግንቡ ቆሟል። ጫፉ አለቱን ነክቷል፤ መሠረቱ መሬቱን። እነዚያ ድንጋይ ጎታቾች፣ እነዚያ አሸዋ ተሸካሚ ሴቶች የሠሩት ግንብ ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ካስቀመጠችው ቦታ ንቅንቅ አላለም።

«እዚህ» አለች። «በአናቴ ሥር ቆፍሩ።»

«ቆዩ» አሉ ካፒቴን። «መጀመሪያ ሚስተር ፐርቸል ያይልን።»

«እኔ?»

«እኔማ ከዚህ ፈረስ ብወርድ ማንም አያነሳኝም። ቄስ ኪቶ፣ መጽሐፉን ይስጡት። በመሐላ ነው የምታየው ሚስተር ፐርቸል፤ ብትዋሽ ከኋላህ ሁለት መቶ ሰው ተራውን ጠብቆ ያያል።»

ላቭዴይን ቀስ ብለው አውርደው ከጎን አስቀመጧት፤ ፐርቸልም ነጭ ጓንቱን አውልቆ መጽሐፉን ነካ። ከዚያ ለመንበርከክ የሚሆን ደረቅ ቦታ ፈለገ፤ አልነበረም። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ጉንጩን አናቷ እስከነበረበት ድረስ ሲያዘነብል ዱቄት የተነሰነሰበት ጸጉሩ ተንሸራቶ ቁጥቋጦው ላይ ቀረ፤ ማንም አላነሳለትም።

«ምን ይታይሃል?» አሉ ካፒቴን።

ፐርቸል ጉልበቱ ላይ ያለውን ጭቃ መጥረግ ጀመረ።

«ሚስተር ፐርቸል፣ በመሐላ ነህ። ምን ይታይሃል?»

«...ግንብ» አለ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሰዉ አልሰማም።»

«ግንብ! የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ! እሷ እንዳለችው!»

ሃኒባል ከአንዱ አፈር ቆራጭ እጅ አካፋ ነጥቆ መቆፈር ጀመረ። የመጀመሪያው አካፋ የቁጥቋጦ ሥር ነው። ሁለተኛው ቡናማ አፈር። ሦስተኛው ድንጋይ ነካ፤ ለሽብልቅ የሚሆኑ ትናንሽ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተገኙ፤ መሃላቸው ትልቅ ድንጋይ ተነቅሎ የሄደበት ባዶ ጉድጓድ ነው። ቀጥሎ አካፋው ጥቁር ሆኖ ወጣ። ሃኒባል ክንዱን እስከ ትከሻው ሰደደ፤ ሲያወጣው ከጣቱ እስከ ብብቱ ጠቁሯል። አንድ እፍኝ አልነበረም። ንብርብር ሆኖ፣ የስንት መቶ ዓመት ምድጃ ከሰል፣ ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ የሌለ እናቶች ከየእሳታቸው እየቆነጠሩ የላኩት።

ጆሪ ጎንበስ ብሎ አንዲት ትንሽ ከሰል አነሳ። መዳፉ ላይ አድርጎ አፈሯን በአውራ ጣቱ ጠረገ። ከዚያ ለላቭዴይ ሰጣት።

ካፒቴን ካርዲው ቆባቸውን አወለቁ። «ወሰኑ እዚህ ነው» አሉ። «ድንጋዩ ነገ በትሬካርን በሬ ተጎትቶ፣ በትሬካርን ሰው ትከሻ ወደዚህ ይመለሳል። ያ ለአጥር የተከመረውም ለላንቬዲ ቤተ ክርስቲያን አጥር ይሁን፤ ለደከሙበት።» ወደ ላቭዴይ ዞሩ፤ አነጋገራቸው ተለወጠ። «ወይዘሮ አንግዊን፣ የተቀመጡበት ብርድ ነው። ካባዬን ይልበሱ።»

«እሱስ ይሁን» አለች ላቭዴይ፤ ደግሞም ለበሰችው።

አሁን የቀረው ስሙን መጥራት ነው፤ የሚጠራው ደግሞ የአጥቢያው ሹም ነው። ጆሪ የአያቱን በትር ይዞ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆመ። ምን እንደሚል ሁሉም ይጠብቃል፤ እሷም ትጠብቃለች። ዲጎሪ ቢል አትቀየመውም ነበር። ስልሳ ሁለት ዓመት ለምዳዋለች።

ጆሪ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ጉልበቱ ላይ ሰበረው። ሁለቱንም ስባሪ ከሰሉ ላይ ጣለ።

«የሰባተኛው ድንጋይ ልጅ» አለ፤ «ላቭዴይ አንግዊን!»

«ላቭዴይ አንግዊን!» አለ ላንቬዲ። ገበታው ድምፁን ተቀብሎ መለሰው። ሁለተኛ ሲጮኹ በረግረጉ ያሉት ወፎች ተነሱ። ሦስተኛው ሸንተረሩን ተሻግሮ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ደረሰ ይላሉ፤ እዚያ የቀሩት ሕመምተኞች ሰምተናል ብለው እስከ ዛሬ ይምላሉ።

ቄስ ኪቶ ከጉያቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ለአዲሱ ልጅ ተብሎ ጠዋት የተጋገረ የሳፍሮን ዳቦ ነበር፤ ቢጫ፣ ክብ፣ ዘቢብ የተዘራበት። ላቭዴይ ተቀበለችው። ያን ጊዜ የተሰጣትን ዳቦ በሸሚዟ ደብቃ ጭድ ቤቱ ድረስ ወስዳ ለዲጎሪ ነበር የሰጠችው፤ ዕንባውን እየጠረገ አንድ ፍርፋሪ ሳያስቀር በላውና «አይቆጭሽ፣ ደረቅ ነው» አላት።

ከግዙፉ ገበታ ጎን ተቀምጣ ቆረሰች። አንዱን ቁራሽ ቀስ ብላ አኘከችው። ጆሪ ከእግሯ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል።

«እንዴት ነው፣ አክስቴ?»

«አያትህ በሌላው ሁሉ ዋሽቶ ይሆናል» አለች፤ «በዚህ ግን አልዋሸም። ደረቅ ነው።»

አንድ ፍርፋሪ ሳታስቀር በላችው።